እውነት የሚመስል ቤት

(በአል ቱማማ በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ሥራ ይዟቸው ላልመጡ እህቶች ሲባል እንዳለ ታትሟል።)

ልብስ ማጠቡንም ቤተሰብ ጋ መደወሉንም አቆይታችሁ፣ ከኦፋችሁ ላይ ሰዓት ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢዎቻችን «በኮምፒውተር የምትሠሪውን የቤት ምስል ነገር አስረጂን» ስላሉኝ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት። ብዙዎቻችሁ በስልኬ ያለውን ሳሎን አይታችሁ «የማን ቤት ነው?» ብላችሁኛል። የማንም ቤት አይደለም። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ሁሉ በኮምፒውተር የተሠራ ነው።

ይህን ለእናንተ ለመንገር ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ይኼ ሥራ የሚጠይቀውን ዓይን እኛ የቤት ሠራተኞች ቀድመን ይዘነዋል። ሁለተኛው ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ አዲስ አበባ ቤት ለመግዛት የማያጠራቅም ስንት ሰው አለ? የሚታየን ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተሠራ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ብቻ ያለው ቤት ነው። ምስሉ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀች ሰው ምን ብላ መጠየቅ እንዳለባትም ታውቃለች።

ምስሉ ከቤቱ ይቀድማል

እዚሁ ሰፈራችን ያለውን ስታዲየም ውሰዱ። አል ቱማማ ስታዲየም የተሠራው በጋህፊያ ቅርጽ ነው፤ ወንዶቹ ከጉትራ ሥር የሚያደርጉት ያ ነጭ ቆብ ማለት ነው። ንድፉን ያወጣው ኢብራሂም ጃይዳ የሚባል ኳታራዊ አርክቴክት ነው። ምስሉ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን ስታዲየሙ የተከፈተው በኦክቶበር 2021 ነው። አራት ዓመት ያህል ሰው ሲያየው የነበረው በኮምፒውተር የተሠራውን ምስል ነበር። እዚህ ላይ ምስሉ የገባውን ቃል ሕንፃው ጠብቋል። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም።

ኢኬያንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማዳም ካታሎጉን እያገላበጠች «ይኼን ክፍል ተመልከቺ» ትለን የነበረው ሱቅ ነው። ኢኬያ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያውን የዕቃ ምስል በካታሎጉ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የአንዲት የእንጨት ወንበር ምስል ነበረች። በ2014 አካባቢ ግን ድርጅቱ ካሉት የነጠላ ዕቃ ምስሎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በኮምፒውተር የተሠሩ ሆኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአሜሪካ ወጥ ቤትና የጃፓን ወጥ ቤት አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ አገር ወጥ ቤት እየገነቡ፣ ዕቃ በመርከብ እያጓጓዙ፣ ፎቶ አንስተው ማፍረስ ብዙ ገንዘብ ይበላል።

መጀመሪያ ላይ ግን ምስሎቹ ውሸት መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ፎቶ አንሺዎቹን ኮምፒውተር አስተማሯቸው፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹን ደግሞ ፎቶ ማንሳት አስተማሯቸው። የጎደለው የማሽን ጉልበት ብቻ አልነበረም። እውነተኛ ክፍል ምን እንደሚመስል ልብ ብሎ ያየ ዓይንም ያስፈልግ ነበር።

ብርሃን እንዴት ይሄዳል

በኮምፒውተር ክፍል ስንሠራ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ወለሉንና ዕቃውን በቅርጽ እንሠራለን። ቀጥሎ እያንዳንዱ ነገር ከምን እንደተሠራ እንነግረዋለን፤ ይኼ እንጨት፣ ይኼ ጨርቅ፣ ይኼ እምነ በረድ እያልን። ከዚያ ብርሃንና ካሜራ እናስቀምጣለን። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የብርሃኑን መንገድ እያሰላ ሁሉንም ወደ ምስል ይለውጠዋል። ይኼ የመጨረሻው ሥራ «ሬንደር» ይባላል።

ሚስጥሩ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። በመስኮት የገባ ብርሃን አንድ ቦታ አርፎ አይቀርም። ወለሉን ነክቶ ወደ ግድግዳ ይዘላል፣ ከግድግዳው ወደ ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ ወደ ሶፋው ሥር። በዘለለ ቁጥር ደግሞ የነካውን ነገር ቀለም ይዞ ይሄዳል። ቀይ ምንጣፍ ያለበትን መጅሊስ ስታጸዱ፣ ቀን ላይ መጋረጃው ሲከፈት፣ ከምንጣፉ በላይ ያለው ነጭ ግድግዳ ታችኛው ክፍሉ ቀላ ሲል አላያችሁም? እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለማስላት አንዲት ባዶ ሳጥን ተጠቀሙ። የጎንና የጎን ግድግዳዋ የተለያየ ደማቅ ቀለም የተቀባ፣ ሌላው ነጭ ነበር። በኋላም እውነተኛ ሳጥን ሠርተው፣ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ምስል ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ። እስከ ዛሬ ድረስ የሬንደር ሶፍትዌር ሲሠራ «የኮርኔል ሳጥን» የተለመደች መፈተኛ ናት። በ1986 ጄምስ ካጂያ የሚባል ተመራማሪ ይህን የብርሃን ዝላይ ሁሉ በአንድ ቀመር አጠቃለለው። የዛሬዎቹ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በዚያ ቀመር ላይ ተመሥርተው ነው።

ከዚህ የሚወጡ ሁለት የሥራ ምክሮች አሉ። አንደኛ፣ ነጭ ቀለም ፍጹም ነጭ አይደለም። ጥሩ ነጭ የግድግዳ ቀለም ካረፈበት ብርሃን መቶ በመቶውን አይመልስም፤ 80 በመቶ ያህሉን ነው። ጀማሪ ሰው ነጩን እስከ መጨረሻው ይገፋውና ክፍሉ ወተት የተደፋበት ይመስላል፣ ጥላው ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ብርሃን ሁሉ አንድ ቀለም የለውም። የሳሎን አምፖል ወደ ቢጫ ያደላል፤ በኬልቪን ሲለካ 2700 እስከ 3000 ገደማ ነው። የቀን ብርሃን ግን 6500 አካባቢ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። መግሪብ ሲደርስ መጋረጃው ሳይዘጋ መብራቱ ሲበራ፣ የመስኮቱ ዳር ሰማያዊ፣ የክፍሉ ውስጥ ቢጫ ይሆናል። ይህን በየቀኑ የምናየው እኛ ነን።

እጅ የነካው ቦታ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንምጣ። በኮምፒውተር የተሠራ ክፍል መጀመሪያ ሲወጣ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ማንም ያልኖረበት ቤት ይመስላል። የሰው ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም ውሸት መሆኑን ይነቃል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ገንዘብ እየተከፈላቸው፣ እኛ ጠዋት ማታ የምናጠፋውን ነገር መልሰው ይጨምራሉ። የጣት አሻራ፣ ጭረት፣ አቧራ፣ የትራስ ጉድጓድ።

ግን የትም አይረጩትም። ቆሻሻ ቦታ አለው። እስቲ ንገሩኝ፣ የማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ለምን ይጠቁራል? እጅ ስለሚነካው። ዘኮሎው ላይ ያለው መስመር ከየት መጣ? ሞፑ ስለሚመታው። የፍሪጅ በር በየት በኩል ይወዛል? በእጀታው በኩል፣ ልጆች ካሉ ደግሞ ዝቅ ብሎ። አቧራ የሚያርፈው ወደ ላይ በተኛ ነገር ላይ ነው፤ የፍሪጅ አናት፣ የቁም ሳጥን አናት፣ የፎቶ ፍሬም ጠርዝ። መጥበሻው ያለበት ግድግዳ ላይ ያለው ዘይት ከምድጃው በላይ ይጀምርና እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ይህን ለመማር መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው አለ፤ እኛ በጨርቅ ተምረነዋል።

በሶፍትዌሩ ውስጥ «ራፍነስ» የሚባል ቁጥር አለ። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። 0 እንደ መስታወት ያበራል፣ 1 እንደ ጠመኔ ፈዛዛ ነው። ጀማሪ ሰው ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ቁጥር ይሰጣል። እውነተኛ ጠረጴዛ ግን ሰው ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት፣ ብርጭቆ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ጠረጴዛ ወልውላችሁ ወደ ጎን ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት የጨርቁ መስመር ይታያል አይደል? ያንን ነው በቁጥር የምንጽፈው።

ጠርዝም እንደዚያው ነው። ኮምፒውተር የሠራው ጠረጴዛ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስል ነው። በዓለም ላይ ግን እንደዚያ ያለ ጠረጴዛ የለም። በጣም ጥቂት፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር እንኳን ይሁን፣ ጠርዙ ይከረከማል። ይኼ «ቤቭል» ይባላል። ጠርዙ ሲከረከም ብርሃን ቀጭን መስመር ሆኖ ያርፍበታል፤ ዕቃው ያን ጊዜ ክብደት ያለው ይመስላል። አንዲት ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ምስሉን ትለውጣለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አይበዛ። ጭረትና አቧራ ሲበዛ ደግሞ ቤቱ የተተወ ቤት ይመስላል። የምትፈልጉት ትናንት የጸዳ፣ ዛሬ ሰው የዋለበት ቤት ነው። ያ ቤት እንዴት እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ካለ ይነሳና ይናገር።

ምስሉን ይዘው ሲመጡላችሁ

አንዲት እዚህ ዶሃ ያለች እህታችን ባለፈው ዓመት በቴሌግራም የሳሎን ምስል ተላከላት። ስሟንም ሻጩንም አልጠራም። «ቅድሚያ ክፍያውን በዚህ ሳምንት ካስገባሽ ቅናሽ አለው» ተባለች። የስድስት ዓመት ልፋቷ ነበር ሊሄድ የደረሰው። አብረን ተቀምጠን ምስሉን መረመርነው።

መጀመሪያ የወለሉን ሴራሚክ ቆጠርን። አንድ ጎኑ 60 ሴንቲ የሆነው ሴራሚክ እዚህም አገር ቤትም የተለመደ ነው፤ ስንቱን ወልውለናል። ግን በኮምፒውተር ሴራሚኩን እንደፈለጉ ማሳነስና ማተለቅ ስለሚቻል በሩን መለኪያ አደረግነው። የክፍል በር ወርዱ 90 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሴራሚክ ተኩል መሆን አለበት። ሆኖ ተገኘ። እንግዲያው የሳሎኑን ወርድ ቆጠርን፤ ዘጠኝ ሴራሚክ፣ 5 ሜትር ከ40። ከዚያ ልኬት ያለበትን ፕላን እንዲልኩላት ጠየቀች። ፕላኑ ሲመጣ ሳሎኑ 3 ሜትር ከ60 ነበር። ስድስት ሴራሚክ ብቻ። ስትጠይቃቸው «ምስሉ ለማሳያ ነው» አሏት።

ያን ሳምንት ብሩን አላስገባችም። ወንድሟን ወደ ቦታው ላከችው። መሠረት ተቆፍሯል፣ ሌላ ነገር የለም። አሁን ግንባታው በደረሰበት ደረጃ ልክ እየተከፈለ የሚሄድ ውል ካልሆነ አልፈርምም ብላ እየተነጋገረች ነው። ገንዘቧ እጇ ላይ አለ።

ከዚህ ሌላ ፀሐዩንም እዩት። በእነዚህ ምስሎች ላይ ብዙ ጊዜ ፀሐይ ከመስኮቱ ገብታ እስከ ሳሎኑ መጨረሻ ትዘረጋለች። ያምራል። ግን አዲስ አበባ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በዓመቱ ዝቅተኛ በምትሆንበት በታኅሣሥ እንኳን ከ57 ዲግሪ በታች አትወርድም። የመስኮቱ አናት 2 ሜትር ከ10 ከሆነ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ውስጥ የምትገባው 1 ሜትር ከ30 ያህል ነው። ዶሃ በታኅሣሥ 41 ዲግሪ ስለምትደርስ 2 ሜትር ከ40 ያህል ትገባለች። ስዊድን ስቶክሆልም ደግሞ በዚያው ወር 7 ዲግሪ ብቻ ናት፤ እስከ ጓዳ ትዘልቃለች። ከግንቦት እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በደቡብ መስኮት ጭራሽ አትገባም። ረጅም ፀሐይ የሚገባው በምሥራቅ መስኮት ጠዋት፣ በምዕራብ መስኮት ማምሻውን ነው። ስለዚህ «ይኼ መስኮት ወዴት ያያል? ከፊቱስ ሌላ ሕንፃ ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምስሉ ላይ ከመስኮቱ ውጪ ዛፍና ሰማይ ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ካሜራውም ያታልላል። በጣም ሰፊ የሚያይ ሌንስ ክፍሉን ያስፋዋል። ምልክቱ በምስሉ ዳር ያለ ዕቃ ሲለጠጥ ነው፤ ክቡ ብርጭቆ ሞላላ ይሆናል፣ ሶፋው ወደ ጎን ይረዝማል። ዕቃውንም ማሳነስ ይቻላል። የወንበር መቀመጫ ከወለሉ 45 ሴንቲ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ 90 ሴንቲ ገደማ ነው። የሁለት ሰው አልጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው። አልጋው ከበሩ ጋር ሲተያይ የልጅ አልጋ ከመሰለ፣ ክፍሉ ትልቅ ስለሆነ አይደለም።

እንግዲህ በአጭሩ፣ ምስል ውል አይደለም። ልኬት ያለበት ፕላን ጠይቁ። ካሬው የጋራ መተላለፊያውንና ደረጃውን ይጨምር እንደሆነ፣ ለብቻችሁ የሚደርሳችሁ የተጣራ ካሬ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሯችሁ። የሴራሚኩ፣ የበሩ፣ የካቢኔቱ ዓይነት በውሉ ላይ ይዘርዘር፤ ምስሉ ላይ ስላለ ይመጣል አትበሉ። የግንባታ ፈቃዱንና የቦታውን ካርታ የሚያይ፣ ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው ሰው ላኩ። ሰውየው ቦታው ላይ ቆሞ በቪዲዮ ይደውልላችሁ። ውክልና ስትሰጡም ለምን ለምን እንደሆነ ለይታችሁ ስጡ።

መማር የምትፈልጉ

አሁን ደግሞ «እኔም ልሞክር» ለምትሉት። እኔ የምሠራበት ሶፍትዌር «ብሌንደር» ይባላል። በነፃ ነው። ቶን ሮዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ የጀመረው ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. በ2002 100,000 ዩሮ አዋጥተው ለሁሉም ሰው ነፃ እንዲሆን አደረጉት። እንደ እቁባችን በሉት፤ ሰው ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ለሁሉም አተረፈ። በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር ያሸነፈው «ፍሎው» የሚባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ ሶፍትዌር ነው። በነፃ ስለሆነ ተራ ነው ማለት አይደለም።

የሚያስፈልገው ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። ስልክ አይበቃም። አሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል፣ ግን አንድ ምስል ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። እኔ ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ፣ ጠዋት አየዋለሁ። የእንጨቱንና የጨርቁን ምስል «ፖሊ ሄቨን» ከሚባል ቦታ ያለ ክፍያ ማውረድ ይቻላል። ኢንተርኔትና ጸጥ ያለ ቦታ ላጣችሁ፣ ኤጁኬሽን ሲቲ ያለው የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ሁሉ አባልነቱ በነፃ ነው፤ በሜትሮ አረንጓዴው መስመር በር ላይ ያወርዳችኋል።

ጊዜ ከየት ይመጣል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2017ቱ ቁጥር 15፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ከነክፍያው እረፍት እንዲኖረን ይላል። ይህን የማታገኙ ካላችሁ ዝም አትበሉ፤ ከስብሰባው በኋላ ሰብሳቢዎቻችንን አነጋግሩ። እኔ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው የምይዘው። ኮምቦልቻ ድራፍቲንግ ጀምሬ ስለነበር ፕላን ማንበብ አልከበደኝም፤ ያም ሆኖ ሰው «የማን ቤት ነው?» እስኪለኝ ድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። በወር ይለመዳል የሚላችሁን አትመኑ።

ሁለት ነገር አደራ። የምትሠሩበትን ቤት ፎቶ አታንሱ። ለመማሪያ ነው ብትሉም የሰው ግላዊ ሕይወት ነው፣ በዚህ አገር ሕግም ያስጠይቃል። በዓይናችሁ እዩ፣ ማታ በእርሳስ ጻፉት። ሌላው፣ መታወቂያችሁ የቤት ሠራተኛ እያለ እዚህ በዚህ ሙያ የሚከፈል ሥራ አትቀበሉ፤ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር ችግር ውስጥ ይከታል። እዚህ ተማሩበት፣ ሥራውን አገር ቤት ስትገቡ። እዚያ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፣ አርክቴክቶች አሉ፣ ቤት ሻጮችም አሉ። ሀብታም ያደርጋል አልልም። ከስደት ስንመለስ ግን «ምን ትችያለሽ?» ሲሉን የምናሳየው ነገር ይኖረናል።

እናንተ ይህን ሙያ ከያዛችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሳሎኑ 3 ሜትር ከ60 ከሆነ 3 ሜትር ከ60 አድርጋችሁ ሥሩት። ያንን ምስል ቤይሩት ወይም ጂዳ ያለች እህት እያየችው ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ላፕቶፕ አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት ከምታጸዱት ቤት አንድ ጥግ ምረጡ። ጨርቁን ከማሳረፋችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ተመልከቱት። ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ምን ላይ ይዘላል፣ እጅ የት ነክቶታል፣ አቧራው የት አርፏል። ማታ አሥር ነገር ጻፉና ይዛችሁ ኑ። እኔ ላፕቶፑን አመጣለሁ፣ ከጽሑፋችሁ አንዱን ጥግ አብረን እንሠራዋለን።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ሻዩም እንዳይቀዘቅዝ።